ዝግ የተባለው ቤት

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤታችን ዙፋን ቴሌቪዥኗን በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ደጄ ላይ ቆመች። "ተስፍሽ፣ ይቺ እስከ ማታ አንተ ጋ ትዋልልኝ" አለችና መልስ ሳትጠብቅ ገብታ አልጋው ላይ አስተኛቻት። እሷን ሳልሸኝ ገዳ መጣ። ገዳ ሲኖ ትራክ የሚያሽከረክር፣ ትከሻው በበር የማያልፍ ጎረምሳ ነው። ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን በጀርባው አዝሎ፣ ከኋላው ሁለት ሰው ፍሪጅ አሸክሞ ገባ። ከእሱ በኋላ የመጡትን መቁጠር ተውኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ አሥራ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፍሪጅና ስፍር ቁጥር የሌለው ስፒከር ተደርድሮ የመርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መሰለ። ሮዳስ በኋላ ቆጥራ አራት ቴሌቪዥን፣ አንድ ፍሪጅና አንድ ስፒከር ነው አለች። ልጅቷ ቁጥር ላይ ቆንቋና ናት፤ የተማረችው ነው።

ሮዳስ የእህቴ ልጅ ናት፤ የምትኖረው ከእኔና ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሾሎጂ አጥንታ ተመርቃለች። ለሰፈሩ ከአገሪቱ አንደኛ ወጣች ብያለሁ፤ ከክፍሏ አራተኛ ነበረች፤ ያው ነው። "ሶሾሎጂ ደግሞ ምንድን ነው?" ላለኝ ሁሉ "የሕዝብ ሐኪም ናት፤ ሌላው ሐኪም አንድ ሰው ሲያክም እሷ ወረዳ ሙሉ ሰው ታክማለች" እል ነበር። ሐኪሟ ታዲያ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ሲቪዋን በክላሰር ይዛ ከአቃቂ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ ስትመላለስ ሁለት ጫማ ጨርሳለች። የሚጠይቋት የሥራ ልምድ ነው፤ የሥራ ልምድ የሚገኝበትን ቦታ ግን የሚያውቅ የለም። በስንት ልፋት ባለፈው ሳምንት አንድ የጥናት ድርጅት የአምስት ቀን ሥራ ሰጣት። የፋብሪካ ሰፈር ሰው እንዴት እንደሚኖር ቤት ለቤት እየዞረች እየጠየቀች በታብሌት ትመዘግባለች። እንደሷ ያሉ መረጃ ሰብሳቢዎች አሥራ ሁለት ናቸው፤ አምስቱ ቀን ሲያልቅ ሥራቸው የጠራ ሁለቱ በቋሚነት ይቀጠራሉ። ከሁለቱ አንዷ መሆን ነበር የልጅቷ ስለት።

እንዲህ ያለ ጥናት መንገድ መሪ ይፈልጋል፤ የቤት ቁጥር የሚያሳይ፣ ውሻ የሚያስይዝ፣ "ቤቶች!" ብሎ የሚጣራ የሰፈር ሰው። አቃቂን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ፍጡር ደግሞ አልተወለደም። ወረዳው ለምኖኝ ነው እያልኩ አውርቻለሁ፤ ራሴ ሄጄ ነው ስሜን ያስጻፍኩት። ደንቡ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መንገድ መሪው ከደጅ አያልፍም፤ ሰው በጎረቤቱ ፊት እውነቱን አይናገርምና። ሁለተኛ፣ መንገድ መሪው የመረጃ ሰብሳቢዋ ዘመድ መሆን የለበትም። ዘመድ አይደለሁም ብዬ ፈረምኩ። ስፈርም የእኛ ሰፈር ለማን እንደደረሰ አላውቅም ነበር ልላችሁ አስቤ ነበር፤ አውቅ ነበር። ሮዳስ ስሜን ወረቀቱ ላይ ያየችው ትናንት ሥራ ልትጀምር ስትሰናዳ ነው።  "ብናገር ሌላ ሰው ይተኩብኛል" አለች። "እስከ ዓርብ ዝም እንበል።" ስለ ዝምታ ለእኔ መንገር ለዶሮ ስለ ዋና እንደመንገር ነው፤ ቢሆንም እሺ አልኳት።

ነገሩ የተበላሸው ግን ከዚያ በፊት፣ የእድሩ ስብሰባ ላይ ነው። ሰው ተሰብስቦ ሳይ የማልችለው ነገር አለኝ፤ ተነስቼ ተናገርኩ። "የእህቴ ልጅ ሰኞ ቤታችሁ ትመጣለች። እሷ የጻፈችው በቀጥታ ላይኛው ቤት፣ ባለሥልጣን ዘንድ ነው የሚገባው" አልኩ። አንዱ ከኋላ "ኮንዶሚኒየም ሊሰጥ ነው እንዴ?" አለ። ጉሮሮዬን ጠርጌ "እኔ ምንም አላልኩም" አልኩ፤ ብቻ ሁሉን የሚያውቅ ሰው እንደሚለው አድርጌ ነው ያልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል። ሰዉ የቀረውን በራሱ አሟላው። ቤት የሚሰጠው ለደኸየ ነው፤ ደኸየ የሚባለው ቴሌቪዥን የሌለው ነው፤ ቴሌቪዥን የሚደበቀው ደግሞ ማንም በማይመዘግበው ቤት ነው፤ እሱም የመዝጋቢዋ ቤት ነው።

ሮዳስ ጥርሷን እየቦረሸች ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለችና ደርቃ ቀረች።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ቴሌቪዥን ነው።"

"የማን?"

"የሕዝብ።"

ወጥታ አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰች። ምን ብዬ እንዳስደበቅኳቸው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ለወጉ ትንሽ አሳጥሬ። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከዙፋን ቴሌቪዥን አጠገብ ቁጭ አለች። አትጮህም ይቺ ልጅ፤ ብትጮህ እኔም ጮኼ ይወጣልኝ ነበር። "ይሄ መረጃ አይደለም፣ ቲያትር ነው" አለች። የሚዋሹት እነሱ፣ ኃጢአቱም የእነሱ፣ አንቺ የነገሩሽን ጽፈሽ ዓርብ ሥራሽን ያዢ ብዬ መከርኳት። ሰፈሩ በታብሌቱ ላይ አንድ ቴሌቪዥን እንኳ የሌለው ሆኖ ቢመዘገብ ማን ይሞታል? ሰምታኝ ስታበቃ "ቋሚ ሥራውን ከማንም በላይ እፈልገዋለሁ" አለች። "እንግዲያው!" አልኩ። እሷ ቀጠለች፤ "እንግዲያውማ መልስላቸው። ሁሉንም፣ ለእያንዳንዱ ቤት። ስትመልስ ቤት አይሰጥም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ በላቸው።"

ከታጁ ሱቅ የእጅ ጋሪ ተዋስኩ። ታጁ ሃያ ዓመት በአንዲት ሱቅ መስኮት አንገቱን አውጥቶ መላውን ሰፈር የሚያይ የስልጤ ሰው ነው። ጋሪው ላይ የተከመረውን አይቶ "ጋሽ ተስፋ፣ ቤት ለቀቁ እንዴ? ምነው ሳይሰናበቱን?" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። በሕይወቴ ሰው ፊት መልስ ሳልሰጥ ያለፍኩት ያኔ ብቻ ነው። ጋሪውን እየገፋሁ፣ ሮዳስ አሥር እርምጃ ወደኋላ ቀርታ እየተከተለችኝ በየበሩ ቆምኩ። "ቤት የሚባል ነገር የለም። እኔ ነኝ የቀባጠርኩት።" ይቺን ዓረፍተ ነገር ለማውጣት የመጀመሪያው በር ላይ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስድብ አውቅበታለሁ፣ እመልሳለሁ። አልሰደቡኝም። ገዳ ብቻ "አንተ ሽማግሌ! ፍሪጁን ለማውረድ የቀጠርኳቸው ልጆች ሄደዋል፤ በል ያዝ በዚያ በኩል" ብሎ ወገቤን ቆረጠው። ሌሎቹ ዕቃቸውን ተቀብለው፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ጠፍቶ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። አንዲት እናት "እኔማ የትኛው ፎቅ ይደርሰን ይሆን እያልኩ ነበር" አለችኝ፤ እየሳቀች ነው ያለችው፤ ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዙፋን ቴሌቪዥኗን በሁለት እጇ ተቀብላኝ ወደ ቦታዋ መለሰቻት፤ ከነዳንቴሏ። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ በፕላስቲክ ተለብጧል፤ አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፤ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ትምህርት ቤት ሄደዋል፤ ደብተር የሚጽፉባት ዱካ ብቻ መሃል ላይ ቆማለች። ዙፋን ትሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ ከተበተኑት አንዷ ናት፤ ዛሬ ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት ሌላ ፋብሪካ በር ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች። የድንቹ ዋጋ ራሱ የማይቀመስ ሆኗል። ሮዳስ ገብታ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ በደንቡ መሠረት ደጅ ቀረሁ። መስኮቱ ክፍት ከሆነ ጆሮዬን ምን ላድርገው?

ሮዳስ ስም ጠየቀች፣ ዕድሜ ጠየቀች፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቀች። ዙፋን ቶሎ ቶሎ ትመልሳለች። ከዚያ "ባለፉት ሰባት ቀናት ምግብ አጥታችሁ ሳትበሉ የዋላችሁበት ወይም ያደራችሁበት ጊዜ አለ?" የሚል መጣ።

"ኧረ ምን በወጣን! ተመስገን ነው፤ ጠግበን ነው የምናድረው።"

"ትናንት ስንት ጊዜ በላችሁ?"

"ሦስቴ። ኧረ መክሰሱ ከተቆጠረ አራት ነው። ትናንት እንደውም ሥጋ ነበረ።"

ማጋነን ሙያዬ ነውና ድምፁን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ቁጥሩ ከጥያቄው ቀድሞ ሲመጣ፣ አንዱ ሲነገር ሌላው ሳይጠየቅ ሲከተል ያ የእኔ ቋንቋ ነው። ያቺ ሴት ጠዋት ቤት ይሰጣል ሲሏት ያላትን ደበቀች፤ አሁን ቤት የለም ሲሏት የሌላትን ደበቀች። ሁለቱንም ያስደበቅኳት እኔ ነኝ።  ሮዳስ ታብሌቷን ጭኗ ላይ እንደደፋችው ድምፁ ነገረኝ።

"እትዬ ዙፋን፣ ቴሌቪዥኑን ልክፈተው?"

"ተይው ልጄ።"

"ለምን?"

"አይሠራም። ከተቃጠለ ዓመት ከመንፈቅ አለፈው።"

"ታዲያ የማይሠራ ቴሌቪዥን ምን ሊሆን ደበቅሽው?"

ዙፋን ሳቀች፤ ሳቋ አጭር ነበር። "ጎረቤት ሲገባ ዳንቴሉን አይቶ 'አላት' እንዲል ነው ያስቀመጥኩት። የአንቺ ቢሮ ደግሞ 'የላትም' እንዲል ፈለግኩ። ሁለቱን በአንድ ዕቃ እንዴት አድርጌ ላድርገው?" ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ሮዳስ ቀጥሎ ምን እንደምትጠይቅ ጠበቅኩ፤ አልጠየቀችም። እኔ ብሆን በዚያ ዝምታ ውስጥ አሥር ታሪክ አስገብቼበት ነበር። እሷ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ በሩቅ የከባድ መኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ዶሮ በአጠገቤ አለፈች። "ልጆቹ ትምህርት ቤት ይበላሉ፤ ምገባ አለ" አለች ዙፋን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰኞ እስከ ዓርብ ግድ የለም። ቅዳሜና እሑድ ነው የሚረዝምብን።"

"ይሄን ልጻፈው?"

"ስሜ ይወጣል?"

"አይወጣም።"

"ቤትም አይሰጥበትም።"

"አይሰጥበትም፣ እትዬ።"

"ጻፊው። አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥ።"

ዕቃ በጋሪ እየገፋሁ ከበር በር ስዞር ያላፈርኩትን እዚያ መስኮት ሥር አፈርኩ። ሮዳስ ስትወጣ ዓይኗን አላየሁም፤ እሷም አላሳየችኝም። ቀጣዩን የቤት ቁጥር ብቻ ነገረችኝ፤ ሄድን።

ምሳ ሰዓት ላይ ታጁ ሱቅ በር ካለችው አግዳሚ ተቀመጥን። ዳቦው አሥር ብር ገብቷል፤ የሚያህለው ግን ጡጫዬን ነው፤ ለዚህ እንኳ አላጋነንኩም። ሮዳስ ዳቦዋን በለስላሳ እየበላች ታብሌቱ ላይ ማስታወሻ ትጽፋለች። ታጁ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። "ሮዲ፣ ግን አራት ዓመት ተምረሽ ስንት ጊዜ በላችሁ ብለሽ ልትጠይቂ ነው? እኔን ብትጠይቂኝ አንድ ቀን አይፈጅም ነበር። ማን ዘይት በአምስት ሊትር እንደሚወስድ፣ ማን ደግሞ በፌስታል ተቋጥሮ የአንድ ወጥ እንደሚገዛ ከዚህ መስኮት ላይ ሆኜ አያለሁ። በፌስታል የሚገዛው በዛ፤ ይኸው፣ ጥናቱ አለቀ!"

"በስንት በዛ?" አለችው ሮዳስ ቀና ብላ።

"እሱን እንግዲህ . . . በዛ።"

"አምና ከአሥር ሰው ስንቱ ነበር? ዘንድሮስ?"

ታጁ አሰበ። ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። "ቆጥሬው አላውቅም" አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ እንደመደንገጥ ብሎ፣ "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለ። ሮዳስ ፈገግ አለች። "ለዚህ ነው አራት ዓመቱ" አለችው። ያን ቀን ፈገግ ስትል ያየሁት ያንን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የሕዝብ ሐኪም እያልኩ ካወራሁት ሁሉ ይሄ ይበልጣል ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩትም፤ ትንሽ ስለነበር።

ማስታወሻዋን በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አነበብኩት። "የሰፈሩ ሰው ጥቅም እንደሚሰጥ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ስህተቱ በየቤቱ ታርሟል፤ ቢሆንም መልሶቹ በጥንቃቄ ይታዩ" ይላል። በገዛ ሥራዋ ላይ በገዛ እጇ እንዲህ ብላ ጻፈች። ማን እንደተናገረ አልጻፈችም፤ የተናገረው አጎቷ መሆኑንም አልጻፈችም። ከዚያ ቀጣዩን ቤት ከፈተች፤ ሃያ ሰባት ቁጥር። የእኛ ቤት ነው። የሚጠየቁት ቤቶች በእጣ የተመረጡ ናቸው፤ እጣው ከመንደሩ ሁሉ መርጦ እሱንም አውጥቶታል። ራሷን በራሷ ልትጠይቅ አትችልም፤ ቤቱ የእኔ ነው ብትል ደግሞ የኔ ጉዳይ ተከትሎ ይወጣል። ታብሌቱ ሦስት ምርጫ ሰጥቷታል፤ ፈቃደኛ፣ ፈቃደኛ ያልሆነ፣ ዝግ። ሠላሳ እርምጃ የማይርቀውን በራችንን አየችው። ጣቷ ከመስታወቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። "ዝግ" የሚለውን ነካች።

"ልክ ነሽ፤ በእርግጥም ተቆልፏል" አልኳት ላጽናናት። "አስቴር ቂሊንጦ ፋብሪካ ሥራ ላይ ናት።" 

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ሊዲያ ትባላለች፤ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ያለች፣ የስፖርት ጫማዋ በአቃቂ አቧራ የነጣ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት። መኪናዋን ታጁ ሱቅ ጎን አቁማ ታብሌቱን ተቀበለችና ቆማ አነበበች። የሮዳስን ማስታወሻ ሁለት ጊዜ እንዳነበበችው ከዓይኗ አየሁ። "ጥሩ ነው" አለች፤ ሮዳስ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ። "ስምንቱ ቤት አልቋል። አንድ ዝግ አለ። ዝግ የተባለውን ሁሌ እኔ ደግሜ እሞክረዋለሁ። አቶ ተስፋሚካኤል፣ ሃያ ሰባት ቁጥርን ያሳዩኝ።"

"እነሱ እኮ አገር ቤት ሄደዋል" አልኩ። "ለሠርግ። አይመለሱም።"

ሮዳስ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎ መንገዱን ብቻ ያሳዩን" አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ እርስዎ ብላኝ አታውቅም፤ ያን ከሰዓት በኋላ ሙሉ እርስዎ አለችኝ፤ ደንብ ነው።

ሠላሳ እርምጃውን ወደ ሦስት ሺህ አደረስኩት። በወፍጮ ቤቱ ዞረን፣ በድሮው የባቡር ሐዲድ ዳር አልፈን፣ በአቃቂ ያለውን ቅያስ ሁሉ አስጎበኘኋቸው። ሊዲያ መልሰን ታጁ ሱቅ በር ስንደርስ መኪናዋን አይታ "ይሄን ሱቅ ቅድም አላየነውም?" አለች። ታጁ አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። ሌላ መንገድ አልቀረኝም። በራችን ላይ ደረስን፤ ገመዱ ላይ የአስቴር የሥራ ጋዋን ታጥቦ ይንጠባጠባል። "ሠርግ የሄዱት ልብሳቸውን ዛሬ ነው ያጠቡት" አለች ሊዲያ።

የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የገባሁበትን፣ እኔው ቀለም የቀባሁትን በር እንደ እንግዳ በሁለት ጣት አንኳኳሁት፤ "ቤቶች!" ብዬም ተጣራሁ።  በሩ ተከፈተ፤ ከጠዋት ፈረቃ የተመለሰችው አስቴር እጇ አረፋ እንደሆነ ወጣች።

"አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? የገዛ ቤትህን ታንኳኳለህ? ቁልፍህን ጣልከው?" አለችኝ። ከትከሻዬ በላይ አሻግራ አየች። "ሮዲዬ፣ መጣሽ? ምሳ በላሽ?"

 አስቴር አንድ በአንድ አየችን፤ የሊዲያን ታብሌት አየች፤ ገባት። "ምነው ብትነግሩኝ ከውስጥ ቆልፌ እተኛ ነበር" አለች ለራሷ። ሮዳስ ወደፊት መጣች። "ቤቱ የእኛ ነው" አለች ለሊዲያ። "ዝግ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መንገድ መሪው አጎቴ ነው። ትናንት ነው ያወቅኩት፤ ግን አውቄ ዝም አልኩ። ሰዉን ቤት ይሰጣል ያለውም እሱ ነው።" 

 "ማስታወሻሽን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች ሊዲያ። "ሁሉንም ጽፈሽ ይሄን አንዱን ተውሽው።"

"ይሄ አንዱ የራሴ ስለሆነ ነው" አለች ሮዳስ።

ትሳደባለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል፤ ሊዲያ ግን ጫማዋን አውልቃ ገባች። "ቤቱ ናሙናው ውስጥ አለ፤ ሰው አለበት፤ ይጠየቃል። ሮዳስ፣ አንቺ ደጅ ጠብቂ።" ሮዳስ እኔ ቀኑን ሙሉ ስቆምበት በዋልኩበት በኩል፣ መስኮቱ ሥር ቆመች። እኔ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጥያቄው አንድ ብሎ ጀመረ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ሲመጣ ምላሴ ላይ ሁለት መልስ ይደርሳል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ሥራ? የመጋዘን ደህንነት ኃላፊ ልል አፌን ከፈትኩ፤ "ዘበኛ" አልኩ። አስቴር እጇን እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ። ክፍል? ሁለት፤ ጓዳዋን ብንቆጥር እንኳ ሁለት። ሥጋ በወር? ፋሲካ ላይ። እየቀነስኩ በሄድኩ ቁጥር ቤቴ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ልክ በልኬ ሆነ።

"አብረዋችሁ የሚኖሩትን ከነዝምድናቸው ይንገሩኝ።"

"አስቴር፣ ባለቤቴ፤ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ። ሮዳስ፣ የእህቴ ልጅ፤ ሃያ አምስት ዓመቷ፤ ዲግሪ አላት።"

"የሮዳስ ሥራ?"

እዚህ ላይ ስንት ነገር ሳወራ ነው የኖርኩት! ትልቅ ቦታ፣ ውጭ አገር፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት። "እሱን አንቺ ታውቂያለሽ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ?" አልኳት።

ሊዲያ ጣቷን አንስታ ቆየች። ከመስኮቱ በኩል የሮዳስ ድምፅ መጣ። "ሥራ ፈላጊ ብለሽ ጻፊ። እውነቱ እሱ ነው።" ሊዲያ ጻፈች። እስከ መጨረሻው ጥያቄ ጠየቀችን፣ አመሰገነችን፣ ጫማዋን አጠለቀች። ደጅ ላይ ሮዳስን እንዲህ አለቻት፤ ሁላችንም ሰማን። "የዚህ ሰፈር መልስ በሌላ ሰው እንደገና ይሰበሰባል። ለቋሚው ሥራ ስምሽን አላቀርብም፤ አልችልም። ቱሉ ዲምቱ ላይ ግን ነገ አንድ ሰው ጎድሎኛል። አንድ ቀን ነው። ከነገ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ሁኚ።" ወደ እኔ ዞራ ደግሞ "እርስዎን ከዛሬ በኋላ አናስቸግርዎትም" አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንዲህ በአክብሮት ተባርሬ አላውቅም።

ሮዳስ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ልላት አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ይቅርታ በእኔ አፍ ትልቅ ሆኖ እንዳይወጣ ፈርቼ ዝም አልኩ። አስቴር በሰሃን የተረፈ ሽሮ አምጥታ መሃላችን አስቀመጠችና ገባች። ሮዳስ አንድ ጉርሻ ጎረሰች፤ ቀጥላ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ያ ቋሚ ሥራ ሄዷል። ሁለታችንም አውቀነዋል፤ ያባረርነውም ሁለታችን ነን፤ እሷ በአንዲት ጣት፣ እኔ በሙሉ አፌ።

የሊዲያ መኪና ከመንደሩ ከመውጣቷ ዙፋን ነጠላዋን እያጣፋች መጣች፤ ገዳ ደግሞ ከኋላዋ። ታጁ ሱቁን ጥሎ መምጣት ስለማይችል ከመስኮቱ እስከ ደረቱ ወጥቷል። "ምን አለች ሴትዮዋ? በመኪና የመጣችው?" አለች ዙፋን።

"ሮዳስ ነገ ቱሉ ዲምቱ ትሠራለች" አልኩ።

"እልልል! ኃላፊ ሆና?"

"ኃላፊ አይደለም። ለአንድ ቀን ነው።"

"ለአንድ ቀን?"

"አንድ ቀን። ሰኞ ነው ዛሬ፤ ማክሰኞን ብቻ። ቋሚው ቀርቷል።"

ዙፋን ገዳን አየችው። ገዳ "ለአንድ ቀን ብሎ ማን በመኪና ቤት ድረስ ይመጣል?" አለ። "ጋሽ ተስፍሽ ትንሽ ነገር ሲያወራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ትልቅ ቢሆን ነው የደበቀን።" ታጁ ከመስኮቱ "እንኳን ደስ ያላችሁ!" ብሎ ጮኸ። በሰፈሩ ምላስ ላይ ነገሩ ሲያብጥ በዓይኔ እያየሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቀነስ ተከራከርኩ። ልጅ ስለሌለኝ በእህቴ ልጅ ማልኩ። አንድ ቀን፣ አንድ ታብሌት፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ በታክሲ ተሳፍራ፤ ሌላ ምንም የለም።

ዙፋን ግን ፊቷ ተለውጦ ነበር። ተጠግታኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔ ዛሬ ለሮዳስ ለእናቴ ያልነገርኩትን ነው የነገርኳት" አለችኝ። "አንተ ደግሞ ለእኔ ትደብቃለህ?"